ቅዳሴ ሲገባ

ዘነበ ማረፉን የነገረኝ ወንድሜ ነው። ከመሐል ሜዳ ደውሎ ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ አንዲት የጠፋች በግ ሲያወራኝ ቆየና ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ «ያ ሊያገባሽ የነበረው ዲያቆን እኮ አረፈ። ሳንባ ነው አሉ። እዚያው አገሩ ግሼ፣ ራቤል ቀበሩት» አለኝ። እኔ ደብረ ብርሃን፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ነፍስ ይማር አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ልጆቻቸውን የታቀፉ እናቶች በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እጄን ስታጠብ ብዙ ቆይቻለሁ መሰለኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ መጥታ ቧንቧውን ዘጋችብኝ።

«ሊያገባሽ የነበረው» ይሉታል ሁሉም፤ እናቴም፣ ጎረቤቶቻችንም። የማልወደው አጠራር ነው። ሰውየው በሕይወቱ የሠራው አንድ ነገር እኔን ለማግባት መቃረቡ ብቻ ይመስላል። እኔ እንኳ በስሙ ነው የማስበው። ዲያቆን ዘነበ፣ የግሼ ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያዳምጥ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን። እንግሊዝኛን በዜማ የተማረ ሰው ከእሱ በቀር አላየሁም።

ጊዜው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ በእኛ አገር መሬት ከተደለደለ በኋላ ያለው ዓመት ነው። እኔ መሐል ሜዳ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከአዲስ አበባ አንድ መምህር መጥቶ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ አምስት ዲያቆናት መረጠ። ባሕር ማዶ፣ ካሪቢያን በሚባለው በኩል ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ ሃይማኖታችንን የተቀበሉ ጥቁር ሕዝቦች አሉ፣ የሚቀድስላቸውና የሚያስተምራቸው ቄስ ግን የላቸውም ተባለ። አምስቱ አንድ ዓመት ያህል እኛው ከተማ ሠልጥነው፣ ቅስና ተቀብለው ሊሄዱ ነው። ለምን የእኛ ልጆች ተመረጡ ለሚለው ከተማው የራሱን መልስ አበጀ፤ ውጭ አገር ብርድ ስለሆነ ብርድ የለመደ ሰው ተፈልጎ ነው አለ። አባቴ የሱፍ ነጋዴ ስለነበረ ይህን ወሬ ከሁሉም አብልጦ ወደደው።

የዘነበ እናት ወሬውን አምና ከራሷ በጎች ሸልታ፣ ፈትላ፣ በርኖስ አሠራችለት። በርኖሱ ካለቀ በኋላ መምህሩ ካርታ ሰቅሎ ደሴቱን ሲያሳያቸው ለካ አገሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሸሚዝ የሚውልበት ሐሩር ነው። ዘነበ ያን ዕለት በርኖሱን ደርቦ ነበር የተቀመጠው። ጓደኞቹ ሲስቁበት፣ ጌታ ሂዱና አስተምሩ ሲል ብርድ ይሁን ሙቀት አልነገረንም ብሎ ሳያወልቀው ዋለ። እናቱ እንዳትሰማ ብሎ እንደሆነ በኋላ ነግሮኛል።

የሥልጠናውን ነገር ሳስታውስ አሁንም ያስቀኛል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አምስቱ ተጠጋግተው ያድራሉ። ጠዋት ያስቀድሳሉ፣ ከዚያ ስብከት ይለማመዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቢላዋና በሹካ መብላት ይማራሉ። የሚለማመዱት በተቀቀለ ድንች ነው። ለስብከቱ የድምፅ ማጉያ ስላልነበራቸው መምህሩ የቀበሌውን ተዋሰ፤ ያ ድምፅ ማጉያ ግን ከተማው የሚያውቀው ሰውን ለስብሰባ ሲጠራ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዘነበ «ወገኖቼ!» ብሎ ሲጀምር ገበያተኛው ስብሰባ የተጠራ መስሎት አህያውን እየነዳ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ሁሌም በመዝሙር ይጀምር ነበር፤ ሰው ቀበሌ እንደማይዘምር ያውቃላ።

የዘነበ ድምፅ የሚገርም ነበር። ሌሎቹ አራቱ ተመርጠው ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን የተፈለገ ነው ይሉ ነበር የደብሩ ካህናት። ያስቸገረው እንግሊዝኛው ነው። መምህሩ ለዲያቆናቱ ቀርቶ ትምህርት ቤት ለምንማረው ለእኛም የማይገባ እንግሊዝኛ ይናገር ነበርና፣ አባቴ ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ናት ብሎ እኔን አቀረበ። አባቴ የሰበካ ጉባኤ አባል ስለነበረ እምቢ ያለው የለም። ትምህርቱ እኛ ግቢ ሆነ። እኔና ዘነበ ግድግዳውን ተደግፈን እንቀመጣለን፣ እናቴ በመሃላችን ሱፍ ትባዝታለች። ሌሎቹ ዲያቆናት አንድ ሁለቴ መጥተው ቀሩ፤ እሱ ግን አንድ ቀን አላጓደለም።

በዜማ ቤት ያደገ ሰው ቃልን የሚይዘው በጆሮው ነው። ዓረፍተ ነገሩን አነብለታለሁ፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ይደገም» ይላል። እደግምለታለሁ። ከዚያ እርሳሱን ያወጣና የእንግሊዝኛው ቃል አናት ላይ የዜማ ምልክት ያስቀምጣል፤ ድምፁ የሚወድቅበት ላይ ድፋት፣ የሚነሣበት ላይ ቅናት። በማግሥቱ ሲመጣ ያችን ዓረፍተ ነገር እንደ ምልጣን ያወርዳታል። ስለ ገበሬና ስለ ትራክተሩ የሚያወራ ተራ ምንባብ በዘነበ አፍ ሰሙነ ሕማማት ይሆን ነበር። እናቴ ምን እንደሚል ሳታውቅ አንገቷን ትደፋ ነበር። እኔ እስቅበታለሁ፣ እሱም የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። መምህርት ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ በስድስት ዓመት ታንሺኛለሽ ሳይለኝ። ማነሴን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

«ይደገም» ከአፉ አይጠፋም ነበር። ጠላው ቀጥኖ ሲቀርብለት ይደገም፣ በአንድ አፍታ ያለቀ ዝናብ ይደገም። ከዜማ ቤት ያመጣው ልማድ ነው። እዚያ የተሳሳተ ተማሪ አይሰደብም፣ ይደገም ነው የሚባለው። በሕይወት ውስጥ ግን የማይደገም ነገር አለ፤ የእሱም የእኔም ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ዘነበ ከዚህ ጉዞ ሌላ ምንም አልነበረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ለትምህርት ከደብር ደብር ሲዞር ስለኖረ መሬት ሲደለደል ግሼ አልተገኘም፣ አልደረሰውም። እናቱ ጥቂት በጎችና አንዲት ጓሮ ነው ያላት። ስለዚህ ቄስ ሆኖ መሄድ ነበረበት። ዲያቆን ደግሞ ቄስ የሚሆነው ወይ መንኩሶ ነው ወይ አግብቶ ነው፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት አይቻልም። መነኩሴ ሆኖ እናቱን ማሳዘን አልቻለም። ጋብቻውም እንደ ሌላው ሰው ጋብቻ አይደለም። የእኔ አክስቶች በሰማንያ ተጋብተው በሰማንያ ተፋትተው፣ ደግመው ሌላ አግብተው የሚኖሩ ናቸው፤ ማንም ምንም አይላቸውም። የዲያቆን ጋብቻ ግን አንድ ጊዜ ነው፣ በተክሊል ነው፣ ሙሽራዋም ሙሽራውም ንጹሕ መሆን አለባቸው። ከሰርጉ በፊት ሙሽራው በሽማግሌዎች ፊት ለንስሐ አባቱ «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ቃሉን ይሰጣል። ያችን ቃል ካልሰጠ ሰርግም ቅስናም የለም።

አራቱ አገቡ። ዘነበ ቀረ። ጳጳሱ መጥተው ቅስና የሚሰጡበት ቀን ተቆርጦ ነበር። መምህሩና የደብሩ ካህናት ተሰብስበው ሲመክሩ አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና እኔን ሰጠ። ለአባቴ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ልጁን ያውቀዋል፣ ቤታችን ይመጣል፣ ባሕር ማዶ የሚሄድ ካህን ነው፣ እኔም የምመጥን ሆኜ ተገኘሁ። እናቴም ደስ አላት። ከመባዘቻዋ ቀና ብላ «አንቺ ዕድለኛ» አለችኝ።

እኔ ግን መማር ነበር የምፈልገው። ይህን ስናገር ዛሬ ትልቅ ነገር ይመስላል፣ ያኔ ግን ትንሽና ግትር ፍላጎት ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ደብረ ብርሃን መሄድ። ካገባሁት ደግሞ እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኔ የጉዞ ወረቀቴ እስኪያልቅ እናቱ ዘንድ ግሼ እቀመጣለሁ ተባለ። በትምህርት ቤታችን ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚቃወሙ መምህራን ነበሩ፤ ብነግራቸው ኖሮ ለፖሊስ ይነግሩ ነበር፣ አባቴም ይታሰር ነበር። አባቴን አሳስሬ በየትኛው በር እገባለሁ? ዘነበን አልጠላሁትም። ይህን መናገር አለብኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከእሱ ጋር መሳቅ እወድ ነበር። ማግባት ግን አልፈለግኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ በመሃላችን ሱፏን እየባዘተች ሳለ መጽሐፉን ገለጥኩና የማነብ አስመስዬ፣ በእንግሊዝኛ፣ ማግባት አልፈልግም አልኩት። እንደ ልማዱ አንድ ዓይኑን ጨፈነና «ይደገም» አለ። ደገምኩት። ዓይኑን ከፈተው። እናቴ ቀና አላለችም። ቃል በቃል እየፈለገ፣ አባትሽ ያውቃሉ ወይ አለኝ። አያውቅም አልኩት። ሌላ ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም፣ መማር ነው የምፈልገው አልኩት። ከዚያ እርሳሱን ኪሱ ከተተና በአማርኛ፣ እናቴ እየሰማች፣ «ይኼን ዓረፍተ ነገር አጥንቼ እመጣለሁ» አለኝ።

እናቴ «ጎበዝ» አለችው። እኔም ደስ አለኝ። በልቤ፣ ሌላ ሙሽራ ይፈልጉለታል፣ አገር ሙሉ ልጅ አለ ብዬ ነበር ያሰብኩት። የሠራሁት ሂሳብ ይኸው ነበር።

ቃል የሚሰጥበት ቀን ከንስሐ አባታችን ከመምሬ ክፍሌ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ አልነበርኩም፤ የሙሽራዋ ተራ ከእሱ በኋላ ነው። የሆነውን አባቴ ደጋግሞ ስለተናገረው ግን ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ። መምሬ ክፍሌ መስቀላቸውን ይዘው፣ ልጄ ንጹሕ ነህ ወይ አሉት። ዝም አለ። መምሬ አልሰማ ብሎ ነው ብለው ደገሙለት። መሬት መሬት ያያል። መምህሩ ተቁነጠነጠ፣ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መምሬ ክፍሌ ወደ እሱ ቀረቡና «ቃልህን ስጠኝ ልጄ» አሉት። ዘነበ መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ በርኖሱን ሰብስቦ፣ ምንም ሳይል ወጣ።

አባቴ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ አቀፈኝ። ከእሳት ተረፍሽ አለኝ። በግ አስመጣና አረደ፣ አክስቶቼ ተጠሩ፣ ቤቱ ሞቀ። ልጁ በየደብሩ ሲዞር የት እንደረከሰ ማን ያውቃል ይባባላሉ። አባቴ በዚያ መሃል፣ ከእንግዲህ ትማር፣ ከእንዲህ ያለው ቄስ ትምህርት ይሻላታል አለ። እኔ የፈለግኩትን በሙሉ በአንድ ቀን አገኘሁ።

ሥጋውን እየበላሁ ሳለ ትልቋ አክስቴ ናት ነገሩን የገለጠችልኝ፤ ሳታውቅ ነው። «እንኳን ጉዱ ከእሱ ሆነ» አለች። ዲያቆን የታጨችለትን ልጅ ትቶ ተመለሰ ሲባል፣ ሌላ ምክንያት ቢደረድር ማንም አይሰማውም፣ ልጅቷ ንጹሕ ሆና አልተገኘችም ነው የሚባለው፣ እንዲህ ተብላ የቀረች አውቃለሁ ብላ የአንዲት የጎረቤት መንደር ልጅ ስም ጠራች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ገባኝ። ዘነበ እኔን አላገባም ማለት ብቻ አልበቃውም፤ እድፉ የት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ ራሱ ላይ አሳረፈው። በአፌ የያዝኩትን ዋጥኩት። ከዚያም ሌላ ጎረስኩ፤ ብተወው ምን ሆንሽ ይሉኛል ብዬ ነው። የዚያን በግ ሥጋ ጣዕም አሁንም አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ነበር።

ዝም አላልኩም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ምንም ስላልጠቀመ ነው። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ መምሬ ክፍሌ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ተንበርክኬ፣ «መምሬ፣ ዘነበ ንጹሕ ነው። ለእኔ ብሎ ነው» አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ፣ «በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ያሰብኩት መልስ ሁሉ፣ ከአፌ ሳይወጣ፣ የአክስቶቼን ፊት ይዞ መጣብኝ። ነግሮኛል ብል የት ተገናኝታችሁ ይላሉ፣ አውቀዋለሁ ብል እንዴት ይላሉ። መምሬ ክፍሌ ዝምታዬን ሲያዩ ለዘብ አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ ይህን እኔ ብቻ አልጠይቅሽም። ከተማው በሙሉ ይጠይቅሻል። ያኔ እሱም አይድን፣ አንቺም ትጠፊያለሽ። ሂጂ፣ ተማሪ።»

ሄድኩ። ተማርኩም።

ዘነበ ከመቅደስ ተከለከለ። በእሱ ቦታ ከመርሐ ቤቴ ሌላ ዲያቆን፣ ያገባ፣ መጣ። ጳጳሱ ቅስና ሰጥተዋቸው አምስቱ ሲሄዱ ከተማው በሙሉ አውቶቡሱ ዘንድ ወጣ። ትምህርት ቤታችን ቅርብ ስለነበረ እኛም በአጥሩ በኩል እናያለን። ዘነበ አልተደበቀም። አውቶቡሱ ጣራ ላይ ወጥቶ የጓደኞቹን ሻንጣ እየተቀበለ በገመድ ያስራል። ሲጨርስ ወረደና በርኖሱን አውልቆ በእሱ ቦታ ለሚሄደው ቄስ አለበሰው። ያ ሰውዬ አገሩ ሙቀት ነው እያለ ሲከላከል፣ ዘነበ መንገድ ላይ ይበርድሃል ሲለው ሰማሁ። አውቶቡሱ ሄደ። እሱ በነጠላው ብቻ ቀረ። ወደ አጥሩ ዞር ሲል አየኝ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ተማሪ ለመምህርቱ እንደሚያደርገው። በማግሥቱ ግሼ ወረደ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነርስ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ለክትባት ዘመቻ ራቤል ተመድቤ ሄጄ ነበር። የክትባቱ ድንኳን የተተከለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። ከአጥሩ ሥር ጥላ ላይ ጥቂት ልጃገረዶች ተቀምጠው በአንድ ድምፅ ጸሎት በቃላቸው ይላሉ፣ ዘነበ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማቸዋል። «ይደገም» ሲል ነው ያወቅሁት። ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። አሠሪዎቻቸው የጸሎት መጽሐፍ ይወስዱባቸዋል ሲባል ሰምቶ፣ ከማይወስዱት ቦታ አስቀምጡት ብሎ በቃል ያስጠናቸዋል። እንግሊዝኛም ትንሽ ትንሽ፤ አመመኝ፣ ራበኝ፣ ስልክ ስጡኝ የሚሉትን፣ በድፋትና በቅናት። በቀን እንጨት ይፈልጣል፣ የሰው እርሻ ያርሳል። ሚስት አላገባም። ማግባት እኮ ይችል ነበር፤ ከእንግዲህ የሚጠፋ ቅስና አልነበረውም።

«መምህርት መጣች» አለ ሲያየኝ። ልጆቹን አሰናበታቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ የልጄን ስም ጠየቀኝ፣ እናቴ ሱፍ ትባዝታለች ወይ አለኝ። በየዓመቱ ካዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ አንድም ቃል ማስታወስ አቃተኝ። በመጨረሻ እንዲያው፣ «ተጸጽተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

አይ፣ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። ሊለኝም ይገባ ነበር፤ መልካም ሰው ነው፣ ሊያሳርፈኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ውሸት አያውቅበትም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጥያቄዬን ሰማው፤ ከዚያ፣ «ቅዳሴ ሲገባ እጸጸታለሁ» አለ። «ሲወጣ ይለቀኛል።»

ከዚያ ተነሥቶ የክትባት ሳጥኔን እስከ መኪናው ተሸከመልኝ።

አርባው ሲወጣ ራቤል ሄድኩ። ባለቤቴን የድሮ አስተማሪዬ ናቸው አልኩት፤ ትልቅ ውሸት አይደለም። እናቱ ከእሱ ቀድማ ስለሞተች ተዝካሩን ያወጡት ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ናቸው። አንዷ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ቤሩት ሳለች መጽሐፏን አሠሪዋ እንደጣለችባት፣ ጸሎቱን ግን ሰሃን እያጠበች በልቧ ታወርደው እንደነበር ነገረችኝ። እግዜር ያወቀው ነው፣ እሱ ባሕር ማዶ ሄዶ ቢሆን እኛን ማን ያስተምረን ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት። እንዲህ እያሉ ይጽናናሉ ሰዎች፣ እኔም እንደምጽናና አስመስላለሁ። ለእሷ የደረሰላት ነገር እውነት ነው። የእሱም የጎደለው እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሞላውም። መቃብሩን አሳዩኝ። ካህናት በሚቀበሩበት በኩል አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን፣ ከአጥሩ ጥግ ነው።

ስመለስ መሐል ሜዳ አደርኩና ጠዋት መምሬ ክፍሌ ዘንድ ሄድኩ። በጣም አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነው ያገኘኋቸው። ማን መሆኔን ነገርኳቸው። የዘነበን አርባ አውጥተን መጣን አልኳቸው። አማተቡ።

«መምሬ» አልኳቸው፣ «ያኔ በምን አወቅሽ ብለውኝ ነበር። መልሱን ካገኘሁት ቆይቷል፤ ለእርስዎ ግን አልነገርኩዎትም። ንጹሕ ባይሆን ኖሮ፣ ንጹሕ ነኝ ብሎ ይሄድ ነበር።»

ጣቶቻቸው መስቀላቸውን እየደባበሱ ነበር።

«እኔ ያንኑ ዕለት አውቄዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መስቀሉን ሲሳለም እጁ አልተንቀጠቀጠም። በደል ያለበት ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ቃሉን አልሰጠኝማ። ያልሰጠኝን ቃል ሰጠኝ ብዬ ጳጳስ ፊት ላቁመው? አልቻልኩም። አንቺን ጠርቼ ላስመስክርለት? አልቻልኩም።» ቀጥለውም፣ «አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ እኔ ሽማግሌ ነበርኩ። ይኼ የእኔ ይሁን» አሉኝ።

ሊወስዱልኝ ፈልገው ነው። አመሰገንኳቸው፣ መስቀል ተሳለምኩ። እጄ እንደተንቀጠቀጠ እሳቸው ባያዩትም እኔ አየሁት።

ደብረ ብርሃን ከምንኖርበት ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። ራቤል ከእሱ ጋር ከተገናኘን ወዲህ ሰንበት በመጣ ቁጥር ደወሉ ሲደወል፣ አሁን ዘነበ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፣ አሁን ይጸጸታል እል ነበር። ሕዝቡ ነጠላውን እያጣፋ ወደ ቤቱ ሲበተን ደግሞ፣ አሁን ለቆታል ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። አሁን ግን ከአጥሩ ውጭ የቆመ ሰው የለም። ደወሉ ይደወላል፣ ቅዳሴ ይገባል፣ እኔ እጸጸታለሁ። ቅዳሴ ይወጣል። እኔን አይለቀኝም።